መልስ ሰጪ የሌለው ስልክ አይከፈት፦ በጎጃም ለሚሠሩ ድርጅቶች የማኅበረሰብ አስተያየትና ቅሬታ አሰባሰብ መመሪያ

አንድ ድርጅት ምንጭ አጎልብቶ ወይም ዘር አከፋፍሎ ሲያበቃ ሰዉን ሰብስቦ «ሥራችንን እንዴት አገኛችሁት?» ቢል የሚያገኘው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ «እግዜር ይስጥልን፣ ደኅና ነው።» ቦኖው ከተሰበረ ወር ቢያልፈውም መልሱ ያው ነው። እንግዳን ፊት ለፊት መውቀስ ነውር ነው። ከነውሩ በላይ ደግሞ የተናገረ ሰው በሚቀጥለው ዙር ከዝርዝር ይሰረዛል የሚል ፍራቻ አለ። ስለዚህ ብዙው ሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል።

ይህ መመሪያ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊም ጭምር ለሚሠሩ የፕሮጀክት አስተባባሪዎችና የመስክ ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተለመደው ይለያል። አብዛኛው ድርጅት መጀመሪያ ሣጥን ይሰቅላል፣ ስልክ ቁጥር ይለጥፋል፤ መልስ የሚሰጠውን ሰው የሚፈልገው ቅሬታ ከተከማቸ በኋላ ነው። እዚህ የሚጀመረው ከመልሱ ነው። አንዴ ተናግሮ ምላሽ ያጣ ገበሬ ዳግመኛ አይናገርም፤ ለጎረቤቱም «ምን ዋጋ አለው» ይለዋል። ከፍቶ ዝም ከማለት ጭራሽ አለመክፈት ይሻላል።

አንደኛ፦ ማን፣ በስንት ቀን እንደሚመልስ ጻፉ

የሚመጣውን ነገር በየዓይነቱ ለዩ፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ኃላፊ ሰው (ክፍል ሳይሆን ሰው) እና አንድ የጊዜ ገደብ ስጡ። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅት ይህ ይበቃል፦

- ጥያቄ («ዘሩ መቼ ይመጣል?»)፦ ስልኩን ያነሣው ወይም ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛ እዚያው ይመልሳል፤ ካላወቀ በ2 የሥራ ቀን።
- ምስጋናና የማሻሻያ ሐሳብ፦ ይመዘገባል፣ በወርኃዊ ስብሰባ ይታያል።
- የአገልግሎት ቅሬታ (የተበላሸ ፓምፕ፣ ያልበቀለ ዘር፣ የጎደለ ሚዛን)፦ የዘርፉ ባለሙያ፣ በ10 የሥራ ቀን።
- የምልመላ ቅሬታ («እኔ እያለሁ ሀብታሙ ተመዘገበ»)፦ አስተባባሪው፣ በ10 የሥራ ቀን፤ ስርጭት ከቀረበ ግን የግድ ከስርጭቱ በፊት። ከስርጭት በኋላ የሚመጣ ትክክለኛ ውሳኔ ለተጎዳው ሰው ፋይዳ የለውም።
- የሠራተኛ ጥፋት (ጉቦ፣ ዝምድና፣ ስርቆት) እና ፆታዊ ብዝበዛ ወይም ጥቃት፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለተሰየመው አንድ ሰው ብቻ። ይህን በአምስተኛው ክፍል እንመለስበታለን።
- ከእናንተ ሥልጣን ውጪ የሆነ ጉዳይ።

የመጨረሻው ብዙ ቦታ የሚይዝ ነው። እናንተ ውኃ ብትሠሩም የማዳበሪያ እጥረት፣ የመሬት ወሰን ክርክር፣ የመስኖ ውኃ ተራ ይነሣባችኋል። 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ተሠርቶ መርዓዊ አጠገብ እንደሚገኘው ቆጋ ባለ መስኖ ላይ የተራ ጉዳይ የሚታየው በውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ነው፤ ባህላዊ መስኖ ላይ ደግሞ ተራውን የሚያከፋፍል የውኃ አባት አለ። «አይመለከተንም» ብሎ መሸኘት ግን አይገባም። የየወረዳውን የግብርና፣ የመሬት አስተዳደር፣ የሴቶች ጉዳይና የጤና ጽሕፈት ቤት አድራሻ በአንድ ገጽ አዘጋጁ፤ ሰውዬውን ወዴት እንደሚሄድ ንገሩት፤ መመዝገባችሁንም አትርሱ።

ይህን ዝርዝር የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ይፈርምበት። ያልተፈረመ ከሆነ የዘርፉ ባለሙያ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ሲል የሚሞግተው አይኖርም።

ሁለተኛ፦ በምን መንገድ መናገር እንደሚቀናቸው ራሳቸውን ጠይቁ

መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት በሁለት ወይም ሦስት ቀበሌ ትንንሽ ውይይት አድርጉ። ከ8 እስከ 10 ሰው በቡድን፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ። ሴቶችን ለብቻ፣ ወንዶችን ለብቻ፣ መሬት የሌላቸውን ወጣቶች ለብቻ። ሴቶቹን የምታወያየው ሴት ትሁን። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቦታውን አመቻችተው ይሂዱ እንጂ አይቀመጡ። ይህን በትሕትና ግን በግልጽ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ዕለቱ ሲደርስ «እባክዎ ይውጡልን» ማለት ማሳፈር ይሆናል።

ጥያቄዎቹ ቀላል ይሁኑ። ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ለማን ትናገራላችሁ? ለማን አትናገሩም? ስልኩ በቤት ውስጥ በማን እጅ ነው? ማንበብ የሚችለው ማን ነው? ገበያ የምትወጡት በየትኛው ቀን ነው?

የሚዘነጉት እነማን እንደሆኑ አስቀድማችሁ አስቡ። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ በአንዳንድ ጎጥ ከሌላው ጋር እኩል አይቀመጡም፤ በዕድር ወይም በቀበሌ ስብሰባ ብቻ የሚሰበሰብ አስተያየት የእነሱን ድምፅ አይዝም። በአዊ፣ በእንጅባራና በቻግኒ ዙሪያ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው እንኳ ቅሬታውን በአገውኛ ሲናገር ይቀልለዋል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ተቀባይ ያስፈልጋል። አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ጋ የሚደረሰው ቤታቸው በመሄድ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ቢያንስ ሦስት መንገድ ክፈቱ፤ አንዱ የግድ በአካል ይሁን

*የአስተያየት ጠረጴዛ።* በገጠር ከሁሉም የበለጠ የሚሠራው ይህ ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት፤ እንደ ዕድል ሳይሆን በተወሰነ ቀንና ቦታ። በየ15 ቀኑ በገበያ ቀን፣ ከገበያው ዳር እንጂ ከመሀል አይደለም። ስርጭት ባለበት ዕለት ደግሞ ከሰልፉ 20 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ የሚናገረው ሰው እንዳይሰማ ግን ደግሞ ጠረጴዛው እንዲታይ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ዘሩን የሚያድለው ወይም ምልመላውን ያካሄደው ሠራተኛ መሆን የለበትም። ይህን ስሕተት ብዙ ድርጅት የሚሠራው የሰው ኃይል ስለሚያጥረው ነው፤ ካጠራችሁ ከሌላ ወረዳ ቢሯችሁ ሠራተኛ ተዋዋሱ።

ሌላው ምቹ ጊዜ የወር በዓል ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ገበሬው ስለማያርስ ከቅዳሴ በኋላ ጊዜ አለው። የደብሩን አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከቅጥሩ ውጭ ተቀመጡ። ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ ከዓርብ ጸሎት በኋላ በተመሳሳይ መንገድ አመቻቹ።

*ስልክ።* አቅም ካለ ከኢትዮ ቴሌኮም ደዋዩ የማይከፍልበት አጭር ቁጥር ይጠየቃል። ከሌለ አንድ ቁጥር በድርጅቱ ስም አውጡ። በሠራተኛ ስም የወጣ ቁጥር ሠራተኛው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፤ የተለጠፈው ወረቀት ሁሉ ዋጋ ያጣል። ከፋይ እናንተ መሆናችሁ እንዲታወቅ «ሚስኮል አድርጉ፣ እኛ እንደውላለን» በሉ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ መልሳችሁ ደውሉ። ባትሪው ብዙ ቀን የሚቆይ ባለቁልፍ ስልክ ከዘመናዊው ይሻላል። ከስልኩ ጋር መዝገብና እስክሪብቶ ታስሮ ይቀመጥ። የመቀበያ ሰዓቱ የቢሮ ሰዓት ብቻ ከሆነ ገበሬው ማሳ ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ ትሰማላችሁ ማለት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ምሽቱ 2፡00 ክፍት ይሁን።

መልሳችሁ ስትደውሉ ሌላ ሰው ካነሣ ጉዳዩን አትናገሩ፤ የድርጅቱንም ስም አትጥሩ። ብዙ ሴቶች የሚደውሉት በባል ወይም በጎረቤት ስልክ ነው። በተመዘገበበት ጊዜ «ስንደውል ማን ብለን እንጠይቅ? በስንት ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ችግር ያስቀራል።

*ሣጥን።* ለከተማና ለትምህርት ቤት ጥሩ ነው፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ላለበት ቀበሌ ግን ማሟያ እንጂ ዋና መንገድ አይሆንም። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ አትስቀሉት፤ ማን ምን እንደከተተ ይታያል። ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ይሻላል፣ ከጣሪያ በታች፤ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ ወረቀቱን ሊጥ ያደርገዋል። ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹ በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ፤ በየ15 ቀኑ በሁለቱ ፊት ይከፈት፤ ባዶ ቢሆንም «ባዶ» ተብሎ ይፈረም።

*ነባር ኮሚቴዎች።* ሴፍቲኔት ባለበት ቀበሌ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አስቀድሞ ተቋቁሟል፤ የውኃ ኮሚቴም ይኖራል። ለተራ የአገልግሎትና የምልመላ ቅሬታ ተጠቀሙባቸው። መልማዩ ኮሚቴና ቅሬታ ሰሚው አንድ ዓይነት ሰዎች ከሆኑ ግን ቅሬታው የሚሄደው ወደ ተከሳሹ ነው። የአባላቱን ስም አነጻጽሩ።

የኢንተርኔት መንገድ ብቻውን አይበቃም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መረጃ በስልክ የምትሰበስቡ ከሆነ እንደ ኮቦ (KoboToolbox) ያለ፣ ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ በኋላ የሚልክ መተግበሪያ ምረጡ፤ የወረቀት ቅጹንም አትጣሉ። ጮቄ ሥር ያሉ ከፍተኛ ቀበሌዎችና የዓባይ በረሃ ሸለቆዎች በክረምት መንገዳቸው ስለሚበላሽ፣ ከሰኔ በፊት መዝገብና ቅጽ አስቀድሞ ይድረሳቸው።

አራተኛ፦ የሚገባቸውን ካላወቁ የሚያጉረመርሙበት አይኖርም

ስልክ ቁጥሩን ብቻ ማስታወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ሰው ድርሻውን ሳያውቅ ጎደለብኝ ሊል አይችልም። ስለዚህ ከስርጭት በፊት እንዲህ ዓይነት ነገር በቃልም በጽሑፍም ይነገር፦ «ለአንድ ተመዝጋቢ አንድ ከረጢት 12.5 ኪሎ የበቆሎ ዘር ይሰጣል፤ ይህም ለግማሽ ሄክታር ወይም ለሁለት ቃዳ ነው። ክፍያ የለውም። ለትራንስፖርት፣ ለመፈረሚያ፣ ለምስጋና ተብሎ ብር፣ በግ፣ ጉልበት ወይም ሌላ ነገር የሚጠይቅ ሠራተኛ ካለ በዚህ ቁጥር ንገሩን። በመናገሩ ከዝርዝር የሚወጣ ማንም የለም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ካልተባለች የቀረው ሁሉ ትርፉ ልፋት ነው።

ጽሑፉን በትልልቅ ፊደል፣ ከሥዕል ጋር፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ለጥፉ። በቃል የሚነገረውን ደግሞ ሦስት ጊዜ በሦስት ቦታ አስነግሩ፦ በዕድር፣ በገበያ፣ በሴቶች ልማት ቡድን። ከሁለት ሳምንት በኋላ በመንገድ ላይ ያገኛችኋቸውን 20 ሰዎች «ቅሬታ ቢኖርዎ የት ይናገራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ካላወቀ ማስታወቂያው አልደረሰም፤ እንደገና ይነገር።

አምስተኛ፦ ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ

የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። አንዲት ሴት ወይም ልጅ በሠራተኛ፣ በበጎ ፈቃደኛ ወይም በኮሚቴ አባል ጥቃት ወይም ብዝበዛ እንደደረሰባት ስትናገር የተቀባዩ ሥራ አራት ነገር ብቻ ነው፦ ማዳመጥ፣ አለመጠራጠር፣ ያለውን አገልግሎት መንገርና በፈቃዷ ማገናኘት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለተሰየመው ሰው ማድረስ። ምርመራ የተቀባዩ ሥራ አይደለም። «ምስክር አለሽ? ለምን ዘገየሽ?» አይባልም። ከሁለት ሰው በላይ የሚያውቀው ጉዳይ ወረዳው ሁሉ እንደሚያውቀው ቁጠሩት።

ጊዜው አጭር ነው። አስገድዶ መድፈር ከሆነ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሆን የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ያገለግላል፤ ሁለቱም በፈጠኑ መጠን ይሻላሉ። የትኛው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይህን እንደሚሰጥ፣ መጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ጉዳይ ከመምጣቱ በፊት እወቁ። ከጎንቻ ወይም ከሸበል በረንታ ቀበሌ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ የሚወስደው ሰዓት ከ72ቱ የሚቀነስ ነው።

በጎጃም በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ሽማግሌ ይገባል። የሽምግልና ክብር የታወቀ ነው፤ ለድንበርና ለብድር ጠብ መድኃኒት ነው። የፆታ ጥቃት ግን በካሣና በእርቅ ሲታሸግ ተጎጂዋ ሳትታከም፣ ጥፋተኛውም ሥራው ላይ እንዳለ ይቀራል። ድርጅቱ እርቅ አያመቻችም፣ በእርቁ ስብሰባ አይገኝም፤ በሠራተኛው ላይ የሚወስደው የሥነ ምግባር እርምጃም እርቅ ወረደ ተብሎ አይቆምም።

እነዚህ ጉዳዮች በተለየ መዝገብ፣ በቁጥር መለያ እንጂ በስም ሳይሆን፣ በተቆለፈ ቦታ ይያዙ። ከሣጥን የተገኘ ከሆነ ወረቀቱ ሳይገለበጥ ታሽጎ ይላክ። የሰውን መረጃ ለምን እንደሰበሰባችሁ ማሳወቅና ለዚያ ዓላማ ብቻ መጠቀም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተደነገገ ግዴታም ነው። ጸጥታ በደፈረሰበት ጊዜ ደግሞ ስም ያለበት መዝገብ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ለተናጋሪውም ለሠራተኛውም አደጋ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይጓዝ፣ ስሙ ቢሮ ይቅር። ፖለቲካ ነክ ንግግር ከአገልግሎቱ ጋር ካልተያያዘ አይመዝገብ።

ስድስተኛ፦ አመዘጋገብ

ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ መስመር፦ መለያ ቁጥር (ለምሳሌ ማቻከል–03–014)፣ ቀን፣ ቀበሌ፣ ፆታ፣ ግምታዊ ዕድሜ፣ የመጣበት መንገድ፣ ዓይነት፣ ቃሉ፣ የተመራለት ሰው፣ የመልስ ቀነ ገደብ፣ የተሰጠው መልስ፣ መልሱ የተነገረበት ቀን። ለተናጋሪው ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ስጡት።

«ቃሉ» በሚለው ዓምድ ሰውዬው ያለውን እንዳለ ጻፉ። «ውኃው ከብት ከጠጣ በኋላ ነው የሚደርሰን» ያለችውን ሴት ቃል «የውኃ ጥራት ችግር» ብሎ የመዘገበ ሠራተኛ፣ መፍትሔው አጥር መሆኑን ሰርዞታል።

ቀን ብዙ ስሕተት ያስከትላል። መስክ ላይ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፣ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ይቆጥራል፤ በተለይ ጳጉሜንና መስከረም ላይ ዓመቱ ይዛባና ጉዳዩ የዘገየ ወይም ከመምጣቱ በፊት የተመለሰ መስሎ ይታያል። መስክ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ አቆጣጠር ይጻፍ፤ የሚገለብጠው ቢሮ ያለ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሰዓትም እንዲሁ።

ጉዳዩ አራት ደረጃ አለው፦ ተመዘገበ፣ ተመራ፣ ተወሰነ፣ ለተናጋሪው ተነገረ። ተዘጋ የሚባለው አራተኛው ሲፈጸም ብቻ ነው። ውሳኔው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ «ተፈትቷል» የሚል ሪፖርት ለረጂ መላክ የተለመደ ነው፤ ሐሰትም ነው።

ሰባተኛ፦ ክትትል

በየወሩ አንድ ሰዓት በቂ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ይገኝ። የሚታዩት ጥቂት ናቸው።

በጊዜ የተዘጉት ስንት ናቸው? በኅዳር 40 መጥተው 26ቱ በገደባቸው ውስጥ ከተዘጉ 65 በመቶ ነው። ዘግይተው የተዘጉት ተደምረው የተዘጉት 34 ቢሆኑና ይህን ቁጥር ብቻ ብትዘግቡ የዘገዩትን 8 ትደብቃላችሁ። የፈጀውን ቀን በአማካይ ሳይሆን በመሀለኛው ቁጥር (ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መካከል ላይ በሚውለው) እዩ፦ አምስት ጉዳዮች 3፣ 4፣ 6፣ 7 እና 90 ቀን ቢፈጁ አማካዩ 22 ይላል፤ መሀለኛው 6 ነው። የተለመደው ሥራ ደኅና ሆኖ አንዱ ተረስቷል ማለት ነው፤ የተረሳውን ፈልጉት።

ማን አልተናገረም? ከ12 ቀበሌ ሦስቱ ለሁለት ወር ምንም ካልላኩ ጥሩ ነገር አድርጋችሁ አታንብቡት፤ እዚያ ሂዱ። ወይ ማስታወቂያው አልደረሰም፣ ወይ ኔትወርክ የለም፣ ወይ አንድ ሰው በሩን ይዟል። ከሴቶች የመጣው ከሩብ በታች ከሆነም መንገዱ ለእነሱ አልተመቸም።

የቅሬታው ብዛት መጨመር የሥራ መበላሸት ምልክት ተደርጎ ሠራተኛ የሚገሠጽ ከሆነ፣ በቀጣዩ ወር ቅሬታ አይኖርም፤ ይኸውም መመዝገቡ ስለቆመ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ቁጥሩ ሲያድግ ሰዉ ማመን ጀምሯል ማለት ነው።

ከተዘጉት ከየአሥሩ አንዱን መርጣችሁ፣ ጉዳዩን ያልያዘ ሠራተኛ ደውሎ ወይም ሄዶ «መልስ ደርሶዎታል? ምን ተባሉ?» ብሎ ይጠይቅ። በወር አንድ ጊዜም በራሳችሁ ስልክ ላይ ሳታሳውቁ ደውሉ። የማይነሣ ስልክ መኖሩን ቀድሞ ማወቅ ያለበት ድርጅቱ ነው።

ስምንተኛ፦ መልሱን ወደ ቀበሌው መመለስ

በየሦስት ወሩ ለሁሉም የሚበጀውን መልስ በአደባባይ ንገሩ፦ ይህን አላችሁን፣ ይህን አደረግን፣ ይህን አልቻልንም፣ ያልቻልነው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ግን የጎጃም ገበሬ ከተድበሰበሰ ተስፋ ይልቅ ምክንያት ያለው «አይሆንም» ይቀበላል። «ለረጂው አቅርበናል፣ እየጠበቅን ነው» የሚለው ከሁለት ስብሰባ በላይ ከተደገመ ውሸት ሆኖ ይቆጠራል። የግለሰብ ጉዳይና ስም በዚህ መድረክ አይነሣም፤ ትንሽ ጎጥ ውስጥ «አንዲት መበለት» ማለት ስም እንደመጥራት ነው።

እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2014 ወጥቶ በ2024 የተሻሻለው ዓለም አቀፉ የሰብአዊ ሥራ ዋና መለኪያ (Core Humanitarian Standard) ከዘጠኝ ቃል ኪዳኖቹ አምስተኛውን ለቅሬታ ሰጥቶታል፤ ረጂዎችም በእሱ ይጠይቋችኋል። ይህን መዝገብ በትክክል የያዘ ድርጅት ለዚያ ጥያቄ ሌላ ሰነድ ማዘጋጀት አያስፈልገውም።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደግሞ የሚሠራ ነገር አለ። ከመዝጊያው ሦስት ወር በፊት ያልተዘጉትን ዘርዝሩ፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚረከባቸውን በደብዳቤ፣ ተናጋሪው ሲፈቅድ ብቻ፣ አስረክቡ። ስልኩ ቢያንስ ለስድስት ወር ክፍት ይሁን፤ ስለ ሠራተኛ ጥፋት የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አፋቸውን የሚከፍቱት ሠራተኛው አካባቢውን ከለቀቀ በኋላ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው መዝገብ ወደ ዋናው ቢሮ ይግባ። የተለጠፉት ወረቀቶች ይነሡ፤ ሣጥኑም በሁለቱ ቁልፍ ያዦች ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍቶ ይነቀል።